ተከራይ ያለበት የአሜሪካ ሱቅ መግዛት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም፣ ከቴል አቪቭና ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ዘመዶችና ወዳጆች የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ተከራይ ያለበት ሱቅ መግዛት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሕንፃው ውስጥ አስቀድሞ የገባ ተከራይ አለ። ፋርማሲ፣ የዶሮ ምግብ ቤት፣ የጎማ መሸጫ ወይም የርካሽ ዕቃ ሱቅ ሊሆን ይችላል። የኪራይ ውሉ ለ10፣ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ተፈርሟል። ሕንፃውን ሲገዙ ውሉም አብሮ ወደ እርስዎ ይዞራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪራዩ የሚገባው ለእርስዎ ነው። ተከራዩ አይወጣም፤ ውሉም እንደ አዲስ አይጻፍም።

ዋጋውን የሚወስነው ይኸው ውል ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ሕንፃዎች አንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ዞረው ዞረው ውሉ ጋ የሚደርሱት።

ዜግነትም ግሪን ካርድም የለኝም። መግዛት እችላለሁ?

ይችላሉ። የውጭ ዜጋ ንብረት እንዳይገዛ በጅምላ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም። አሜሪካን ረግጠው የማያውቁ ሰዎችም ይገዛሉ። ፊርማውን ባሉበት አገር የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደው ማረጋገጥ ይቻላል። አይቲን የሚባለውን የግብር ከፋይ ቁጥር ማውጣት ግን ግድ ነው።

አንዳንድ ግዛቶች በቅርቡ ገደብ አውጥተዋል። ፍሎሪዳ በ2023፣ ቴክሳስ በ2025 አውጥተዋል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት)። ያነጣጠሩት ግን እንደ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ኢራንና ሰሜን ኮሪያ ባሉ አገሮች ላይ ነው። ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የለችም።

መሬቱስ የኔ ይሆናል? ወይስ እንደኛ አገር ሊዝ ነው?

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያሳስታል። እኛ ጋ ሊዝ ሲባል ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን የሚወሰድ መሬት ነው የሚታየን። አሜሪካ ውስጥ ግን ማንኛውም የኪራይ ውል ሊዝ ነው። አብዛኛው የሱቅ ሕንፃ የሚሸጠው ከነመሬቱ ነው። ይህን «ፊ ሲምፕል» ይሉታል። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ የዘመን ገደብ የለውም።

መሬቱ ብቻ የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ተከራዩ መሬቱን ለረጅም ዘመን ተከራይቶ ሕንፃውን በራሱ ገንዘብ ይሠራል። ማክዶናልድስና ቺክ-ፊል-ኤ ብዙ ቦታዎችን የያዙት በዚህ መንገድ ነው። ውሉ ሲያልቅ ሕንፃው አብዛኛውን ጊዜ ለመሬቱ ባለቤት ይቀራል። ገቢው አነስ ይላል፤ እንቅልፍ ግን ይሰጣል።

መጠንቀቅ ያለብዎት ከዚህ ተቃራኒውን ነው፤ «ሊዝሆልድ» ይባላል። የሚሸጥልዎት ሕንፃውና በሰው መሬት ላይ የመቆየት መብት ብቻ ነው። የመሬቱን ኪራይ እርስዎ ይከፍላሉ። ዘመኑ ሲያልቅ ባዶ እጅዎን ይወጣሉ። ማስታወቂያው ላይ ገቢው ከሌሎቹ ሁሉ ጎላ ብሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይስባል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ፊ ሲምፕል ነው ወይስ ሊዝሆልድ?» ይሁን።

«ትሪፕል ኔት» ምንድን ነው?

ተከራዩ ከኪራዩ በላይ ሦስት ወጪዎችን የሚሸፍንበት ውል ነው፦ የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና። ማስታወቂያ ላይ «ኤን ኤን ኤን» ተብሎ ይጻፋል። ባሕር ማዶ ለሚኖር ሰው የሚመቸውም ለዚህ ነው። ቧንቧ ፈነዳ ተብሎ ሌሊት አይደወልልዎትም።

ነገር ግን ሁሉም «ኤን ኤን ኤን» አንድ አይደለም። በአንዳንዱ ውል ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳውና የመኪና ማቆሚያው አስፋልት የባለቤቱ ዕዳ ነው። ያንን «ደብል ኔት» ማለት ነበረባቸው፤ ሻጮች ግን ስሙን ያሳምሩታል። አንድ ጣሪያ መቀየር የዓመቱን ኪራይ ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ምንም ነገር ወደ ባለቤቱ የማይመጣበት «አብሶሉት ኔት» ይባላል። ማስታወቂያውን ትተው «የአከራይ ግዴታዎች» የሚለውን የውሉን አንቀጽ ያንብቡ። እውነቱ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ግብሩም አንድ ነገር ልጨምር። ካሊፎርኒያ ውስጥ ንብረት ሲሸጥ ለግብር የሚታሰበው ዋጋ እንደ አዲስ ይተመናል። ሻጩ ከ20 ዓመት በፊት ገዝቶት ከነበረ ግብሩ በአንዴ ሊዘል ይችላል። አንዳንድ ብልህ ተከራዮች ይህንን ጭማሪ አንከፍልም ብለው ውሉ ውስጥ አስገብተዋል። ያኔ ልዩነቱ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል።

ካፕ ሬት ምንድን ነው? 8 በመቶ የሚለው ከ5 በመቶው አይሻልም?

ካፕ ሬት የዓመቱ የተጣራ ኪራይ ለዋጋው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠየቅበት ሕንፃ በዓመት 120 ሺህ ዶላር ካስገባ 6 በመቶ ነው። የብድር ወለድም የገቢ ግብርም አይታሰብበትም። ሒሳቡን ራስዎ እንደገና ይሥሩት። ለጣሪያ፣ ለአስፋልትና ለሌላው በዓመት 12 ሺህ ዶላር ቢያስቀምጡ ያው ሕንፃ 5.4 በመቶ ይሆናል።

8 በመቶ የሚያቀርብ ሻጭ ይህን የሚያደርገው ለእርስዎ አዝኖ አይደለም። ወይ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ወይ ተከራዩ እየደከመ ነው፤ ወይ ከተማው ሰው እየለቀቀው ነው፤ ወይ ኪራዩ ከሰፈሩ ዋጋ በላይ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አይግዙ። በሌላው ጫፍ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የ10 ዓመት ቦንድ 4 በመቶ የሚከፍል ከሆነና ሕንፃው 5 በመቶ ከሰጠ፣ ያን ሁሉ ጣጣ የሚሸከሙት ለአንዲት በመቶ ነው።

የኪራይ ጭማሪውንም ይዩ። በየዓመቱ ወይም በየአምስት ዓመቱ የሚጨምር ውል አለ። ለ15 ዓመት ሳይነቃነቅ የሚቆይም አለ። ዶላር ጸንቶ የሚኖር የሚመስለን ብርን እያየን ስለሆነ ነው። ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ቢወደድ፣ በ15ኛው ዓመት የሚከፈልዎት 100 ሺህ ዶላር የሚገዛው ዛሬ 64 ሺህ ዶላር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው።

ተከራዩ ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ከሆነ ምን ያሰጋኛል?

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። በሩ ላይ የተሰቀለው ስምና ውሉ ላይ የፈረመው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ዶሃ የሚኖር የአጎቴ ልጅ የአንድ ታዋቂ የምግብ ቤት ሕንፃ ሊገዛ ነበር። የማስታወቂያው ፎቶ ያምራል፤ የድርጅቱን ስም የማያውቅ ሰው የለም፤ ውሉም 20 ዓመት ነው። ውሉን ልከውልን የመጨረሻውን ገጽ ገለጥን። ፊርማው የእናት ድርጅቱ አልነበረም። ስሙን በፍራንቻይዝ የተከራየና ሁለት ምግብ ቤት ብቻ ያለው፣ ከተመሠረተ ዓመት ያልሞላው ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ነው የፈረመው። የግል ዋስትና የሰጠ ሰው የለም። የሒሳብ መግለጫ ጠየቅን፤ አልሰጡንም። ትተነው ወጣን። 20 ዓመት የተባለው ኪራይ ያ ትንሽ ኩባንያ በቆመበት ልክ ብቻ ነበር የሚቆመው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ውሉን የፈረመው ማን ነው? ተከራዩ መክፈል ሲያቅተው የሚከፍለው ዋስ ማን ነው? እናት ድርጅቱ ራሱ ከፈረመ ወይም ዋስ ከሆነ «ኮርፖሬት ጋራንቲ» ይባላል። ፍራንቻይዝ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ሰማንያ ምግብ ቤት ያለው ጠንካራ ባለ ፍራንቻይዝ አለ። ግን ያኔ የሚገመገመው የእሱ አቅም ነው። የዚያ ሱቅ ሽያጭም ሊነገርዎት ይገባል። ከሽያጩ ጋር ሲነጻጸር ኪራዩ የከበደበት ሱቅ ውሎ አድሮ ይዘጋል።

ተከራዩ ቢዘጋ ወይም ቢከስር ምን ይሆናል?

መዝጋትና መክሰር የተለያዩ ናቸው። ትልቅ ድርጅት አንድ ሱቅ ቢዘጋም ውሉ እስኪያልቅ ኪራዩን መክፈል ሊቀጥል ይችላል። ብዙ ውል ሱቁን ክፍት የማድረግ ግዴታ የለበትም። ገንዘቡ ይገባል፤ ሕንፃው ግን መብራቱ ጠፍቶ ይቆማል። ልሽጠው ቢሉ ዋጋው ይወርዳል። ዋልግሪንስ በጥቅምት 2024 በሦስት ዓመት ውስጥ 1,200 ያህል ፋርማሲዎች እንደሚዘጋ አስታውቋል። በአንድ ወቅት ባለ ንብረቶች እንደ መንግሥት ቦንድ ያዩት የነበረ ተከራይ ነው።

ኪሳራ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ተከራዩ ከውሎቹ የፈለገውን እንዲይዝ፣ ያልፈለገውን እንዲጥል ይፈቅድለታል። ለመወሰን 120 ቀን አለው፤ ፍርድ ቤት ከፈቀደ እስከ 210 ይደርሳል። ውሉን ከጣለ እርስዎ የቀረውን ዘመን ሙሉ ኪራይ መጠየቅ አይችሉም። ሕጉ ጣሪያ አስቀምጧል፦ የአንድ ዓመት ኪራይ ወይም ከቀረው ዘመን 15 በመቶው፣ የበለጠው ይወሰዳል፤ ግን ከሦስት ዓመት አይበልጥም። በዓመት 120 ሺህ ዶላር የሚከፍል ተከራይ 12 ዓመት ሲቀረው ቢጥልዎት፣ የሚያጡት ኪራይ 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ዶላር ሲሆን መጠየቅ የሚችሉት 216 ሺህ ብቻ ነው። እሱንም ዋስትና ከሌላቸው ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተሰልፈው ነው። ከዶላሩ ጥቂት ሳንቲም ቢደርስዎት ነው።

ይህ የወረቀት ሥጋት አይደለም። በ1962 የተመሠረተው ራይት ኤይድ በጥቅምት 2023 ኪሳራ አወጀ፣ በግንቦት 2025 ደገመው፣ በዚያው ዓመት የቀሩትን ፋርማሲዎች በሙሉ ዘጋ። ሬድ ሎብስተር ደግሞ በ2014 ለአዲስ ባለቤት ሲሸጥ ወደ 500 የሚጠጉ ምግብ ቤቶቹ የቆሙበት ንብረት ለሌላ ኩባንያ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። በገዛ ሕንፃው ውስጥ ተከራይ ሆነ ማለት ነው። በ2024 ሲከስር ከገበያው በላይ የሆነው ኪራይ አንዱ ሸክም እንደነበር ራሱ ለፍርድ ቤት ገልጿል።

ከዚህ የምወስደው ነገር፦ ኪራዩ ከሰፈሩ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሕንፃ እፈልጋለሁ። ተከራዩ 120 ሺህ እየከፈለ ሰፈሩ ግን 70 ሺህ ብቻ የሚያወጣ ከሆነ፣ እሱ በወጣ ማግስት 2 ሚሊዮን የከፈሉበት ሕንፃ በ7 በመቶ ሲሰላ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ተከራዩ ቢወጣ ማን ይገባበታል? መንገዱ ላይ መኪና ይበዛል? መሬቱ ብቻውን ስንት ያወጣል? እነዚህን የአካባቢው ደላላ በሰዓት ውስጥ ይነግርዎታል፤ ሻጩን የሚወክለው ደላላ ግን አይደለም።

ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ላስመርምር?

ቀብድ ካስያዙ በኋላ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ገደማ የመመርመሪያ ጊዜ ይሰጥዎታል። ቀብዱ በሦስተኛ ወገን እጅ፣ ኤስክሮው ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተዉት ይመለስልዎታል። የንብረቱን ስም የሚያጣራና ዋስትና የሚሰጥ ታይትል ኢንሹራንስ፣ የወሰን ቅየሳና የሕንፃ ምርመራ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

ሁለቱን ግን በምንም ምክንያት አይዝለሉ። አንዱ ተከራዩ ራሱ ፈርሞ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው፤ «ኢስቶፐል» ይባላል። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደከፈለ፣ ውሉ ተሻሽሎ እንደሆነ፣ ከባለቤቱ ጋር ክርክር እንዳለው ይጽፋል። ሜሪላንድ ያለ አንድ ወዳጄ የዳነው በዚህ ወረቀት ነው። ሻጩ ለተከራዩ ለሁለት ዓመት ኪራይ በደብዳቤ ቀንሶለት ነበር። ደብዳቤው ከሰነዶቹ ጋር አልተላከም። ተከራዩ ግን ማረጋገጫው ላይ በሐቅ ጻፈው።

ሁለተኛው መሬቱ ተበክሎ እንደሆነ ከታሪኩና ከቦታው ሁኔታ የሚያጣራ ምርመራ ነው፤ «ፌዝ ዋን» ይሉታል። በ1980 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የተበከለ መሬት የያዘ ሰው፣ ብክለቱን ያመጣው ሌላ ቢሆንም እንኳ ለማጽጃው ሊጠየቅ ይችላል። ቦታው ቀድሞ ነዳጅ ማደያ ወይም ልብስ በኬሚካል ማጠቢያ ከነበረ በጣም ይጠንቀቁ። ሳይገዙ በፊት በደንቡ ያስመረመረ ሰው ሕጉ መከላከያ ይሰጠዋል።

ገንዘብ ሲልኩም ልብ ይበሉ። ሌቦች የኢሜይል ልውውጥ ውስጥ ገብተው «የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል» ብለው ይጽፋሉ። ቀድሞ በያዙት ስልክ ደውለው ቁጥሩን በድምፅ ሳያረጋግጡ አንድ ዶላር አይላኩ።

ከሩቅ ሆኜ ማስተዳደር ይቻላል?

ጥሩ ትሪፕል ኔት ከሆነ አዎ። ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን በዓመት ሁለት ሥራ አለብዎት። የተከራዩን የኢንሹራንስ ሰርተፊኬት ያስልኩ። የንብረት ግብሩ መከፈሉን በካውንቲው (በአካባቢው አስተዳደር) ድረ ገጽ ራስዎ ይዩ። ተከራዩ ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው የሚመዘገበው በሕንፃዎ ላይ ነው።

ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል? ብድርስ አገኛለሁ?

ለብቻው የቆመ ባለ ስም ሱቅ በአብዛኛው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የብድር ታሪክ ለሌለው ሰው አበዳሪው ጥቂት ነው፤ ያለውም ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። የዋጋውን ግማሽ ያህል በእጅ ይዞ መነሳት ይሻላል። የንግድ ሕንፃ ብድር እንደ መኖሪያ ቤቱ 30 ዓመት አይቆይም። ወርኃዊ ክፍያው በ25 ዓመት ተሰልቶ ቀሪው ዕዳ ግን በ5ኛው ወይም በ10ኛው ዓመት በአንዴ ይጠየቃል። ያ ቀን ከኪራዩ ማብቂያ ጋር እንዳይገጥም ይጠንቀቁ። ሊወጣ የተቃረበ ተከራይ ላለበት ሕንፃ እንደገና የሚያበድር ባንክ ማግኘት ከባድ ነው።

ያለዎት 20 ወይም 50 ሺህ ዶላር ከሆነ ብቸኛ ሕንፃ አያሳድዱ። ሪት የሚባሉ፣ ብዙ ሕንፃ ይዘው የሚያከራዩና አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች አሉ። በ1969 የተመሠረተው ሪያልቲ ኢንካም ከ15 ሺህ በላይ ሕንፃዎች አሉት፤ ትርፍ የሚያከፋፍለውም በየወሩ ነው። አንድ ተከራይ ቢወጣ አይሰማዎትም። ለውጭ ነዋሪ ከትርፉ በመደበኛው 30 በመቶ ግብር ይቀነሳል፤ ያሉበት አገር ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካለው ሊያንስ ይችላል።

አዲስ አበባ ያለኝን ብር ለውጬ መግዛት እችላለሁ?

ብሔራዊ ባንክ ሳይፈቅድ አይቻልም። ሐምሌ 2024 ላይ የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ለአስመጪና ላኪ ብዙ ነገር ተከፈተ። አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ካፒታል አውጥቶ ውጭ አገር ሕንፃ እንዲገዛ ግን በሩ አልተከፈተም። በጥቁር ገበያ የሚወጣ ገንዘብ ደግሞ አሜሪካ ሲደርስ ሊያዝ ይችላል። ባንኩም ታይትል ኩባንያውም ከየት መጣ ብለው ይጠይቃሉ። ይህ መንገድ በሕጋዊ መንገድ ዶላር፣ ድርሃም ወይም ክሮና ለሚያገኝ ሰው ነው።

ዘመድ አዝማድ ተሰብስበን ብንገዛስ?

ይቻላል፤ በዕቁብ ልማድ ግን አይሆንም። ዕቁብ በመተማመን ይሄዳል፤ ሁሉም በተራው ይወስዳል፤ ያልቃል። ሕንፃ ለ15 ዓመት የሚቆይ ጋብቻ ነው። አንዱ መሸጥ ሲፈልግ፣ አንዱ ሲፋታ፣ አንዱ ሲሞት ምን እንደሚሆን በጠበቃ ይጻፍ። የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ የሚወጣ ሰው ድርሻ እንዴት እንደሚተመን ይጻፍ። አንድ ሰው ከብዙዎች ገንዘብ ሰብስቦ «እኔ አስተዳድራለሁ፣ እናንተ ትርፍ ትወስዳላችሁ» ካለ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ የአክሲዮን ሽያጭ ሊሆንበት ይችላል። ሽርክናው ውስጥ ውጭ የሚኖር ሰው ካለም ማኅበሩ ከእሱ የትርፍ ድርሻ ላይ ግብር እየቀነሰ ማስገባት አለበት።

ሕንፃውን ብገዛ ቪዛ አገኛለሁ?

አያገኙም። ኢትዮጵያ ከ1953 ጀምሮ ዜጎቿ የኢ-2 ባለሀብት ቪዛ መጠየቅ ከሚችሉ አገሮች አንዷ ናት፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን ቪዛው እርስዎ የሚያንቀሳቅሱት ሥራ ይፈልጋል። ኪራይ መቀበል ሥራ ተብሎ አይቆጠርም። ኢቢ-5 የሚባለው የባለሀብት ግሪን ካርድ መንገድ ደግሞ ቢያንስ 800 ሺህ ዶላርና 10 የሥራ ቦታ መፍጠር ይጠይቃል። «ሕንፃ ግዛ፣ ግሪን ካርድ አለው» የሚልዎትን ደላላ ስልክ ይዝጉት።

ውጭ እየኖርኩ የኪራዩ ግብር ስንት ነው?

ምንም ካላደረጉ 30 በመቶ፣ ያውም ከጠቅላላው ኪራይ ላይ ነው። ከ120 ሺህ 36 ሺህ ዶላር ይሄዳል፤ የከፈሉት ወለድ አይቀነስልዎትም። ይባስ ብሎ በትሪፕል ኔት ተከራዩ በእርስዎ ፋንታ የከፈለው የንብረት ግብርም እንደ ኪራይ ይቆጠራል።

ሕጉ ግን ምርጫ ይሰጥዎታል። ኪራዩን እንደ ንግድ ገቢ ቁጠሩልኝ ብለው ይመርጣሉ፣ ለተከራዩ ደብሊው-8-ኢሲአይ የተባለውን ቅጽ ይሰጣሉ፣ በየዓመቱ 1040-ኤንአር የተባለውን የግብር ማስታወቂያ ያስገባሉ። ያኔ ግብሩ ከተጣራው ላይ ይሆናል። ወለድ 50 ሺህ ከፍለው፣ የሕንፃው እርጅና ደግሞ 38 ሺህ ቢሆን (ሕንፃው በ39 ዓመት ይካፈላል፤ መሬቱ አያረጅም) ከ120 ሺህ የሚቀረው 32 ሺህ ነው። ግብሩ 4 ሺህ ዶላር አይሞላም። በ36 ሺህና በ4 ሺህ መካከል ያለው ወረቀት ብቻ ነው። የማስገቢያውን ጊዜ ካሳለፉ ግን ይህን መብት ሊያጡት ይችላሉ።

የሚኖሩበትን አገርም አይርሱ። እስራኤል፣ ስዊድንና ኢትዮጵያ ነዋሪያቸውን በውጭ ገቢውም ላይ ያስከፍላሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም።

ስሸጠው ገንዘቤን ለምን ይይዙብኛል?

ፊርፕታ የተባለ የ1980 ሕግ ነው። ሻጩ የውጭ ሰው ከሆነ ገዢው ከመሸጫው ዋጋ 15 በመቶ ይዞ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። በ2 ሚሊዮን ከሸጡ 300 ሺህ ዶላር ይያዛል፤ ከስረው ቢሸጡም ይያዛል። ቅድሚያ የተቀመጠ እንጂ የመጨረሻው ግብር አይደለም፤ የዓመቱን ግብር ሲያስታውቁ ከግብርዎ በላይ የተያዘው ይመለሳል። ትክክለኛው ግብርዎ ከተያዘው ያነሰ ከሆነ ሽያጩ ከመዘጋቱ በፊት በ8288-ቢ ቅጽ እንዲቀነስ ያመልክቱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ይህ አይመለከተውም።

ሸጠው ሌላ የአሜሪካ ሕንፃ የሚገዙ ከሆነ በ1031 ደንብ የትርፉን ግብር ማስተላለፍ ይቻላል። በ45 ቀን ውስጥ የሚገዙትን መጠቆም፣ በ180 ቀን ውስጥ መጨረስ አለብዎት። ገንዘቡ በእጅዎ ማለፍ የለበትም። አሜሪካ ሸጠው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ቢገዙ ግን ደንቡ አይሠራም።

ብሞት ለልጆቼ እንዴት ይተላለፋል? በኤል ኤል ሲ ብገዛው ይሻላል?

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማንም ቀድሞ አይነግርዎትም። የአሜሪካ ዜጋ በ2026 ቢሞት 15 ሚሊዮን ዶላር ድረስ የውርስ ግብር አይነካውም። ዜጋ ያልሆነና ኑሮውም እዚያ ያልሆነ ሰው ግን ነጻ የሚሆንለት 60 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ 40 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮንም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ሪቱም ጭምር።

ኤል ኤል ሲ ተከራዩ ወይም መንገደኛ ቢከስዎት የግል ንብረትዎን ይጠብቃል። ብቻዎን የያዙት ኤል ኤል ሲ ከውርስ ግብር ያድነኛል ብለው ግን አይተማመኑ። የውጭ ሰው ብቻውን የያዘው ኤል ኤል ሲ በየዓመቱ 5472 የተባለ ቅጽ ማስገባት አለበት። ያላስገባ ቅጣቱ 25 ሺህ ዶላር ነው፤ የሚከፈል ግብር ባይኖርም።

በውጭ አገር በተቋቋመ ኮርፖሬሽን መያዝ ከውርስ ግብሩ ይከላከላል። በምትኩ 21 በመቶ የኩባንያ ግብር፣ በላዩም የቅርንጫፍ ትርፍ ግብር የሚባል ሌላ 30 በመቶ ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ የውጭና የአሜሪካ ኩባንያ ደራርቦ ይሠራል፤ አንዳንዱ የሕይወት ኢንሹራንስ ገዝቶ ያልፈዋል። የትኛው እንደሚያዋጣ በዕድሜዎ፣ በሕንፃው ዋጋና በሚኖሩበት አገር ይወሰናል። የውጭ ባለሀብቶችን ግብር የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ማማከር ያለብዎት ቀብዱን ከማስያዝዎ በፊት ነው። በስምዎ ገዝተው ኋላ ወደ ኩባንያ ሲያዛውሩት ዝውውሩ ራሱ እንደ ሽያጭ ተቆጥሮ ፊርፕታ ሊመጣበት ይችላል።